ከዓባይ በረሃ እስከ መወዳደሪያ መም፦ በራስ መኪና ወሰንን የማወቅ ፊዚክስ

ከደጀን አፋፍ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያቀናው አስፋልት ሉማሜ እስኪደርስ ድረስ በሰፊው የጤፍ ማሳ መካከል ይዘረጋል። የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ ሲታገል የቆየ ሾፌር እዚህ ሲደርስ ድካሙ ይቀለዋል፤ ነዳጅ መስጫውን ረገጥ ለማድረግም ልቡ ይከጅላል። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ላይ በገበያ ቀን እህል የተጫነ አህያ አለ፤ ጋሪና ባጃጅ አለ፤ ደብተሩን ታቅፎ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃንም አለ።

አንድ ቀን የመካኒክስ ትምህርት ሰጥቼ ከክፍል ስወጣ አንድ ተማሪ ተከትሎኝ መጣና፣ «መምህር፣ የአጎቴን ቪትዝ ይዤ ውድድር መንዳት መልመድ እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ሲል ጠየቀኝ። «እስካሁን የት ነው የምትለማመደው?» አልሁት። «ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ቀጥ ባለው አስፋልት ላይ» አለኝ። የአጠያየቁ ቅንነት አስደሰተኝ፤ መልሱ ግን አስደነገጠኝ። መኪና ባይበዛም ሰው የሚነሳው ማለዳ ነውና። ያን ዕለት ቆመን የጀመርነው ጭውውት ከትምህርቱ ሰዓት በላይ ወሰደ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጭውውት የተስተካከለ መልክ ነው።

የመም ቀን ምንድን ነው?

በብዙ አገሮች የመኪና መወዳደሪያ መሞች ውድድር በሌለባቸው ቀናት ለተራ ባለመኪኖች ይከፈታሉ። አንድ ሰው ዘወትር ወደ ሥራ የሚሄድበትን መኪና ይዞ፣ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፣ በዝግ መንገድ ላይ ይነዳል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው የኑርቡርግሪንግ መም የዚህ ልማድ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ወደ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የሰሜኑ ዙር ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ሰዓታት እንደ ባለ አንድ አቅጣጫ የክፍያ መንገድ ይቆጠራል፤ የአገሩ የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል፤ መወዳደርም የተከለከለ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። የመም ቀን ውድድር አይደለም። አሸናፊ የለውም፤ ዋንጫ የለውም፤ ብዙ አዘጋጆች ሰዓት መያዝን እንኳ ይከለክላሉ። ነጂዎች በልምዳቸው በቡድን ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድቶ ይወጣል፤ ከዚያ መኪናውም ሰውየውም ያርፋሉ። መቅደም የሚፈቀደው በተወሰኑ ቀጥ ያሉ ቦታዎች ሲሆን፣ የሚቀደመው ሰው ፈቅዶ ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው።

የመኪና ስፖርት ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ «የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ» የተባለ ውድድር በደጋው መንገዶች ይካሄድ ነበር። በጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ከዓለም ሻምፒዮና መርሐ ግብር ለዓመታት ከራቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመልሷል። ራሊ ግን የሠለጠኑ ተወዳዳሪዎች ጉዳይ ነው። ለጀማሪ የሚስማማው ሁሉም ሰው በአንድ አቅጣጫ የሚሄድበት፣ እግረኛና እንስሳ የማይገባበት፣ ስሕተት የሠራ ሰው ተንሸራቶ የሚቆምበት ባዶ ቦታ ያለው ዝግ ሜዳ ነው። ለምን? መልሱን ፊዚክስ ይሰጠናል።

የጎማው በጀት

መኪናን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት የጎማ ገጾች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጡም። መኪናው ፍጥነት ሲጨምር፣ ሲቆምና ሲጠመዘዝ የሚገፋው ኃይል ሁሉ የሚመጣው በእነዚህ አራት መዳፎች ካለው ሰበቃ ነው። ጎማው መሬቱን የሚይዝበትን ከፍተኛ ኃይል ጎማው ለተሸከመው ክብደት ብናካፍል አንድ ቁጥር እናገኛለን፤ የሰበቃ ቁጥር እንበለው። በደረቅ አስፋልት ላይ ለተለመደ ጎማ ወደ 0.8 ይጠጋል፤ በዝናብ ወደ 0.5 ሊወርድ ይችላል።

በዚህ ቁጥር ብቻ ብዙ ነገር ማስላት እንችላለን። ራዲየሱ 30 ሜትር የሆነ መታጠፊያ እንውሰድ። ሳይንሸራተቱ ማለፍ የሚቻልበት ከፍተኛ ፍጥነት የሰበቃው ቁጥር፣ የስበት ሽምጠጣ (9.8) እና የራዲየሱ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። 0.8 ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በ30 ወደ 235 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ በሰከንድ 15.3 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝናብ ቢዘንብ ይኸው መታጠፊያ ከ44 ኪሎ ሜትር በላይ አያስተናግድም። በስሌቱ ውስጥ የመኪናው መጠነ ቁስ የለም። የሾፌሩ ጀግንነትም የለም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጎማው ያለው በጀት አንድ መሆኑ ነው። ለፍሬንም ለመጠምዘዝም የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። ሁለቱ ኃይሎች ቀጤ ነክ ስለሆኑ የሚደመሩት በፓይታጎረስ ሕግ ነው፤ ከበጀቱ 80 በመቶውን ለፍሬን ያዋለ ነጂ ለመጠምዘዝ የሚቀረው 60 በመቶ ነው። መቶውን በሙሉ ለፍሬን ያዋለ ግን መሪውን ቢያዞር መኪናው አይታዘዝለትም። ኤቢኤስ የሌለው አሮጌ መኪና ጎማዎቹ ተቆልፈው ቀጥ ብሎ የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የመም አስተማሪዎች የመጀመሪያ ትምህርት፣ ፍሬንህን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ጨርስ፤ ከዚያ ታጠፍ፤ መሪህ እየተመለሰ ሲሄድ ነዳጅ ስጥ የሚል ነው።

ሦስተኛው ቁም ነገር ክብደቱ በአራቱ ጎማዎች ላይ እኩል አለመቀመጡ ነው። መኪና በኃይል ሲቆም አፍንጫው ይዘቀዝቃል። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት በ0.55 ሜትር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 2.4 ሜትር ቢሆን፣ በ0.8 የሰበቃ ቁጥር ሲቆም ከክብደቱ 18 በመቶ ያህሉ ወደ ፊት ይዛወራል። 60 በመቶ ፊቱ ላይ የነበረ መኪና 78 በመቶ ይሆናል፤ ለኋላ ጎማዎች 22 በመቶ ብቻ ይቀራል። በመታጠፊያ መካከል ደንግጦ ፍሬን የሚረግጥ ሰው የመኪናው ጭራ የሚያመልጠው ስለዚህ ነው። የክብደት ማዕከላቸው ከፍ ያለ ሚኒባሶችና ጣሪያቸው ላይ ጭነት ያለባቸው መኪኖች ደግሞ ከመንሸራተታቸው በፊት ሊገለበጡ ይችላሉና መም ላይ ጨርሶ ሊወጡ አይገባም።

ፍሬን እንደ ምድጃ

ብዙ ሰው ፍሬን መኪናን «ያቆማል» ይላል። ፊዚክስ ግን ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይቀይራል ይላል። ለዚህ ከዓባይ በረሃ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። ከነሰው 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው የከፍታ ኢነርጂ 1,200 ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በ1,400፣ ማለትም ወደ 16.5 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። የተወሰነውን የጎማ መንከባለልና ነፋስ፣ የተወሰነውን በከባድ ማርሽ የተያዘው ሞተር ይወስዱታል፤ የቀረው ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ፍሪ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር የሞተሩን ድርሻ እንዳለ በፍሬኑ ላይ ይጭናል። በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ የሚያውቀው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ የዚህ ሒሳብ ውጤት ነው።

አሁን ወደ መም እንመለስ። ይኸው መኪና በሰዓት ከ120 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በኃይል ሲቀንስ 500,000 ጁል ያህል ይለቃል። በአንድ ዙር አምስት ጊዜ እንዲህ ቢቆምና ዙሩ 2 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሰባት ዙር ሳይሞላ፣ በ13 ደቂቃ ገደማ፣ የዓባይን ቁልቁለት ሙሉ ኢነርጂ ለቀቀ ማለት ነው። በበረሃው 20 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ቁልቁለት በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውረድ 40 ደቂቃ ይፈጃል። የመሙ ሙቀት በሦስት እጥፍ የፈጠነ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ያለ ሞተር እገዛ ፍሬኑ ብቻውን የሚሸከመው። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶውን የፊት ፍሬኖች ይወስዳሉ ብንልና ሁለቱ ዲስኮች በአንድነት 12 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ እያንዳንዱ ከባድ ፍሬን ዲስኮቹን በ60 ዲግሪ ያህል ያሞቃል። ለመቀዝቀዝ ጊዜ ካላገኙ በአንድ ዙር 300 ዲግሪ ይጨምራሉ።

ሙቀቱ ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ ሸራው ከተሠራለት ሙቀት ሲያልፍ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምም። ሁለተኛውና የከፋው የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። አዲስ «ዶት 3» ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ «ዶት 4» ደግሞ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ መስፈርቱ ያዛል። ነገር ግን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲያረጅና ውሃ ሲገባበት መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 እና 155 ዲግሪ ይወርዳል። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ዘይቱ የፈላ ዕለት ፔዳሉ ስፖንጅ እንደመርገጥ ሆኖ እስከ ወለሉ ይወርዳል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ገዝቼ ከጓደኛዬ ጋር ወደ አንድ መም ሄድሁ። መኪናዋን አጥቤያለሁ፤ የሞተር ዘይት ቀይሬያለሁ፤ ስለ ፍሬን ዘይቷ ግን አንድም ጊዜ አላሰብሁም፤ ያውም የፊዚክስ ሰው ሆኜ። በስድስተኛው ዙር ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጠፋ። መኪናዋ ከመንገዱ ወጥታ ለዚሁ ተብሎ በተነጠፈ ጥልቅ ጠጠር ውስጥ ተቀብራ ቆመች። እኔም መኪናዋም አልተጎዳንም። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ቀን ከፊቴ የነበረው ጠጠር ነበር፤ በሉማሜ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ከፊቴ የሚኖረው ሰው ነበር።

ደጋው የሚወስደው ድርሻ

በሉማሜ ዙሪያ ያለው ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስለሚሳሳ ከኃይሉ ከአምስት አንድ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው የደቡብ አፍሪካ የኪያላሚ መም የሬኖ የቱርቦ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1982 የፎርሙላ አንድ ውድድር ሲያሸንፉ አንዱ ረዳታቸው ይኸው ስስ አየር ነበር፤ ቱርቦው የጎደለውን አየር አምቆ ያስገባልና።

ኃይል መቀነሱ ለጀማሪ ክፉ አይደለም። የሚያሳስበው የተደበቀው ሌላው ጎን ነው። በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች እግራችንን በፍሬን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ መሳቢያ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው ግፊት ሲቀንስ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እገዛ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ሊቀንስ ይችላል፤ እግር ጠንክሮ መርገጥ አለበት። በተመሳሳይ ምክንያት የቤንዚን ሞተር በማርሽ መኪናን የመያዝ ችሎታው ይላላል፤ ዲስኮቹን የሚያቀዘቅዘው አየርም ስስ ነው። በአጭሩ ደጋው ከሞተሩ ብቻ ሳይሆን ከፍሬኑም ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ 15 ደቂቃ የሚነዳ ጀማሪ በደጋ 10 ደቂቃ ነድቶ ቢያርፍ ብልህነት ነው።

መኪናን ማዘጋጀት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ለጀማሪ ኃይለኛ ሞተር መግዛት አያስፈልግም፤ ደህና የተያዘ ኮሮላ ወይም ቪትዝ በቂ ነው። ገንዘቡ የሚውለው እንደሚከተለው በቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ አየሩም ይውጣ። የሸራው ውፍረት ከግማሽ በታች ከሆነ ይተካ።

ሁለተኛ፣ ጎማው ያልተሰነጠቀ፣ ያላረጀ፣ አራቱም ተመሳሳይ ይሁን። ንፋሱ ጠዋት በቀዝቃዛው ይለካ። በ20 ዲግሪ 32 ፒኤስአይ የነበረ ጎማ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 38 ያህል ይደርሳል፤ ይህ የጋዝ ሕግ ነው፤ ተማሪዎች በዜሮ ኬልቪን ጀምረው ያስሉት፤ የአካባቢውን የአየር ግፊት መደመርም አይርሱ።

ሦስተኛ፣ የጎማ ቡሎኖች ይጥበቁ፤ የሞተር ዘይትና የራዲያተር ውሃ ይሙላ። በዚህ ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ መሆኑ ይረጋገጥ።

አራተኛ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ልቅ ዕቃ ሁሉ ይውጣ፤ ክሪክ፣ ጃንጥላ፣ በተለይም የውሃ ጠርሙስ። ከፍሬን ፔዳል ሥር የተንከባለለ ጠርሙስ ከፈላ ዘይት አይተናነስም።

አምስተኛ፣ የደኅንነት ቀበቶና የራስ ቁር ይኑር፤ የመድን ውሉም አስቀድሞ ይነበብ። የብዙ ውሎች ሽፋን በመም ላይ ለሚደርስ ጉዳት አይሠራም።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት አዘጋጆቹ የሚሰጡትን ማብራሪያ ያልሰማ ሰው አይነዳም። ባንዲራዎቹን በቃል መያዝ ግዴታ ነው። ቢጫ «ከፊት አደጋ አለ፤ አትቅደም»፣ ቀይ «ሁሉም ቀስ ብሎ ይውጣ»፣ ሰማያዊ «ፈጣን መኪና ከኋላህ አለ፤ አሳልፈው»፣ ጥቁር «አንተ ራስህ ውጣ»፣ ጥቁርና ነጭ ዳማ «ሰዓቱ አልቋል» ማለት ናቸው። አስተማሪ ከጎን ቢቀመጥ ከማናቸውም ዕቃ የበለጠ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ዙር ጎማ ማሞቂያ፣ የመጨረሻው ፍሬን ማቀዝቀዣ ነው። ከቆሙ በኋላ የጋለውን ፍሬን በእጅ ፍሬን መቆለፍ አይገባም፤ ማርሽ አስገብቶ ከጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ይበቃል።

በሉማሜና በአካባቢዋ እንዲህ ያለ መም የለም። ታዲያ ተማሪዬ ምን ያድርግ? ከአካባቢው አስተዳደርና ከትራፊክ ፖሊስ በጽሑፍ ፈቃድ የተገኘበት፣ ዙሪያው የታጠረ፣ ሰፊና ደልዳላ ቦታ ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃል። መንጃ ፈቃድና ልምድ ያለው አሠልጣኝ ይኑር፤ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ይግባ፤ ተመልካች ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብሎ ይቁም። ምልክት ማድረጊያው ባዶ ጀሪካን ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዱ ከጀሪካኑ ሲደርሱ ፍሬን ረግጦ መቆም፣ ከዚያም ርቀቱን በሜትር መለካት ነው። 8 ሜትር ቢሆን የሰበቃው ቁጥር 0.79 ነው፤ በጠጠር ላይ 12 ሜትር ቢሆን 0.52 ነው። ሁለተኛው በ15 ሜትር ራዲየስ ክብ ዙሪያ ቀስ በቀስ ፍጥነት እየጨመሩ መዞር ነው። ጎማው ማቃሰት ሲጀምር አንዱ ዙር 9 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር፣ የሰበቃው ቁጥር 0.75 ነው። ሁለቱ ሙከራዎች በተቀራራቢ ቁጥር ከተስማሙ ተማሪው የመኪናውን ወሰን በእግሩ፣ በእጁና በወረቀቱ አውቆታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያገኘውም ከ40 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ ነው።

ማጠቃለያ

መም ፍጥነትን የሚያስተምር ይመስላል። በእኔ እምነት ዋናው ትምህርቱ ግን ወሰን ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ እንደሚያድግ በክፍል ውስጥ የማይጽፍ ተማሪ የለም፤ በሰዓት በ50 ኪሎ ሜትር 12 ሜትር የሚበቃው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 49 ሜትር ይፈልጋል፤ ያውም ሰውየው ባየና እግሩ ፔዳል ላይ በደረሰ መካከል የሚያልፈው ርቀት ሳይቆጠር። ይህን ቁጥር በዝግ ሜዳ በገዛ አካሉ የቀመሰ ወጣት በአስፋልቱ ላይ ሕፃን ሲያይ እግሩን ከነዳጁ ቀድሞ ያነሳል።

ያ ተማሪ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢሮዬ መጣ። ቪትዟን አልነዳትም ነበር። ጋራዥ ወስዶ የፍሬን ዘይቷን አስቀይሮ፣ የወጣውን አሮጌ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ይዞ ነበር የመጣው፤ መልኩ እንደ ጠቆረ ሻይ ነው። «መምህር፣ አጎቴ በዚህ ነው በየሳምንቱ ዓባይን የሚወርደው» አለኝ። ትምህርቱ እንደገባው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።